አራት ቀን በሎጎ ሐይቅ፦ በካያክ የመጓዝና በድንኳን የማደር ዝርዝር መመሪያ

ወሎ ውስጥ ካያክ እቀዝፋለሁ ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «የት ላይ?» ይላል። መልሱ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ነው። የከተማው ስም ሐይቅ፣ የውሃውም ስም ሐይቅ ነው፤ ሁለቱ እንዳይምታቱ ውሃውን ሎጎ ሐይቅ የሚሉት አሉ፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ካያክ ጥንት የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሕዝቦች በእንስሳ ቆዳ ሸፍነው ለአደን የሠሩት ጠባብ ጀልባ ነው። ዛሬ ስለ ካያክ ጉዞ የሚጻፈው አብዛኛው ምክር ከደሴት ወደ ደሴት በባሕር ለሚሄዱ ሰዎች የታሰበ ነው። ከዚያ ምክር ግማሹ ለእኛ አይሠራም። ሎጎ ሐይቅ እንደ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ የሚጎድል ውሃ የለውም፤ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ ስለሌለውም ጠልፎ የሚወስድ ጅረት አያሳስበንም። ጨው የለውም፤ ርዝመቱ 6.7 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ «ይህቺ ኩሬ ምን ታደርገናለች?» የሚል ልብ ይመጣል። ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,911 ሜትር ላይ ተቀምጦም በተራሮች መካከል የሚወርድ ነፋስ ይቀበላል። ሞልቶ የሚጎድለው ውሃ ባይኖርም ሞልቶ የሚጎድል ነፋስ አለ። የዚህ መመሪያ ነገር ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚያ ላይ ነው።

ወቅትና ሰዓት

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ክረምት አይታሰብም፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ መብረቅ ባለበት ሰማይ ሥር በውሃ መሐል መቅዘፊያ ይዞ መቀመጥም የሞኝ ሥራ ነው። ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብ ስለሚጀምር ዕድልን መሞከር ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ደሴ ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ሐይቅ ላይ ጥቂት ይለዝባል እንጂ አይጠፋም። መስከረምና ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ደግሞ ወባ አለ። ቦታው ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትንኙ ይበረታል፤ የወባ አጎበር በየትኛውም ወር መያዝ አለበት።

የቀኑ ሰዓት ከወሩ ይበልጣል። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ ነው። ፀሐይ መሬቱን እያሞቀች ስትሄድ፣ ረፋዱ 5 ሰዓት ግድም ላይ ከዳርቻ የሚነሳ ቀጭን ሽብሽባት ይታያል። ከ7 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ውሃውን ነጭ ጥርስ ያስወጣዋል። አመሻሽ ላይ መልሶ ይተኛል። ሕጋችን ስለዚህ አንድ ነው፤ በ12 ሰዓት ተኩል ውሃ ላይ፣ በ5 ሰዓት መሬት ላይ።

ይህን ሕግ ያወጣሁት አንብቤ አይደለም። የመጀመሪያ ጊዜ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ስንሄድ ምሳ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ዘና ብለን 8 ሰዓት ላይ ተነሣን። መሐል ላይ ስንደርስ ነፋሱ ከጎን ያዘን። እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ጫፍ ፊት ለፊታችን ይታያል፤ ዛፎቹ ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቀዝፈን ያንኑ ዛፍ፣ በዚያው መጠን አየነው። ዳር የወጣነው ልንደርስበት ካሰብንበት ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቀን ነው፤ ሽሯችን ረጥቦ፣ እኛም ረጥበን፣ ማንም ማንንም ሳያናግር።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ መረባቸውን እየሰበሰቡ አገኘናቸው። «አባባ፣ ነፋሱ መቼ እንደሚነሣ በምን ያውቃሉ?» አልናቸው። ወደ ማዶ፣ ቁርስ ወደሚሠራበት ቤት ጣሪያ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ጭሱን አታዩትም ልጆቼ? ቀጥ ብሎ ከወጣ ጊዜ አላችሁ። ወገቡ ከተሰበረ ተመለሱ። እኔማ ጭሱ ሲያነክስ ውሃ ላይ ተገኝቼ አላውቅም።» ከዚያ ወዲህ በስልኬ የአየር ትንበያ አያለሁ፤ ጭሱንም አያለሁ፤ ሁለቱ ሲጣሉ የማምነው ጭሱን ነው።

ጀልባው

ደንዳናው የባሕር ካያክ ከ4.5 እስከ 5.5 ሜትር ይረዝማል፤ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ከደሴ ሐይቅ ማድረስ ይቻላል ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ ረዳቱን ያናግር። ለእኛ የሚስማማው በአየር የሚነፋው ነው። ተጣጥፎ ከ12 እስከ 18 ኪሎ ይመዝናል፤ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ እንደማንኛውም ሸክም ይጫናል። አገር ውስጥ እንደ ልብ ስለማይገኝ ብዙዎቻችን ያገኘነው ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ነው። ሲያስመጡ ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ ቢያንስ ሦስት የተለያየ የአየር ክፍል ያለው መሆኑን፣ ከሥሩ ቀጥ አድርጎ የሚያስኬድ ክንፍ መኖሩን፣ ጎኑ ዕቃ የሚታሰርበት ቀለበት ያለው መሆኑን። የአየር ክፍሉ ብዛት የሚጠቅመው አንዱ ቢበሳ ሌሎቹ እስከ ዳር እንዲያደርሱን ነው።

ለመጠገኛ ከጀልባው ጋር የሚመጣውን ልጣፊ ብቻ አንመን። ደሴ ማንኛውም ጎሚስታ ዘንድ ማስቲሽና የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ በጥቂት ብር ይገኛል። ቀዳዳውን ለማግኘት ሳሙና በውሃ በጥብጦ መቀባት፣ አረፋ የሚያወጣውን ቦታ በእስክሪብቶ ማክበብ፣ ማድረቅ፣ በአሸዋ ወረቀት መፈተግ፣ ማስቲሹን በሁለቱም ፊት ቀብቶ እስኪያጣብቅ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ መጫን። ሰው የሚሳሳተው በመጠበቁ ላይ ነው፤ እርጥብ ማስቲሽ አይዝም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ካያኩ ጠዋት በብርድ ተነፍቶ ቀትር ላይ በደረቅ ዳርቻ ፀሐይ ላይ ቢተው ውስጡ ያለው አየር ሞቆ ይሰፋል፤ ስፌቱንም ሊቀድደው ይችላል። ከውሃ እንደወጣ ከየክፍሉ ጥቂት አየር መልቀቅ፣ በማግስቱ ጠዋት መልሶ መሙላት ነው።

የመንሳፈፊያ ሰደርያ ላይ ድርድር የለም፤ ዋናተኛም ቢሆን ይለብሳል፤ ለብሶም ይቆልፋል። አንገት ላይ ፉጨት ይንጠልጠል። ብቻዬን እሄዳለሁ የሚል ሰው ካለ ይህ መመሪያ ለእርሱ አልተጻፈም፤ ቢያንስ ሁለት ጀልባ፣ ሦስት ሰው።

ስንቅና ጭነት

በዚህ ጉዳይ የወሎ ጓዳ ከፈረንጅ የጉዞ ምግብ ሁሉ ይበልጣል። ድርቆሽ ክብደት የለውም፤ በርበሬና ዘይት ካለ በአሥር ደቂቃ ፍርፍር ይሆናል። በሶ እሳት እንኳን አይፈልግም፤ ውሃና ጨው፣ ከተገኘ ማር። ለቀዛፊ የምመክረው ጠዋት በሶ፣ በየሰዓቱ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ ማታ ሽሮ ነው። ሥጋ አንይዝም። ምክንያቱ መበላሸቱ ብቻ አይደለም፤ በዚህ አገር ማታ ከማን ጋር እንደምንበላ አስቀድመን አናውቅም። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ትሪ እንዲቀርብ ሽሮ የመሰለ ነገር የለም፤ ረቡዕና ዓርብም አያስቸግርም። ዓሣ ያማረው ከአስጋሪዎቹ ላይ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ይገዛል።

ለእሳት ትንሽ የጋዝ ምድጃ እንያዝ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ምስር እስኪበስል ጋዙ ያልቃል፤ በቶሎ የሚበስለው ዱቄት ነው። ለአራት ቀን ለሦስት ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ሽሮ፣ ሁለት ኪሎ በሶ፣ ሁለት ኪሎ ድርቆሽ፣ አንድ ኪሎ ቆሎ ይዘን ተርፎን ያውቃል። ለሚያስጠጉን ሰዎች ደግሞ ለብቻው የታሰረ አንድ ኪሎ ቡናና ሁለት ኪሎ ስኳር። ይህ ከስንቁ ጋር አይቆጠርም፤ አይነካም።

ውሃ የማያስገባ ከረጢት ከሌለ ሁለት ወፍራም ላስቲክ አንዱን በሌላው ውስጥ፣ ከላዩ ማዳበሪያ። አፉን አንድ ጊዜ ብቻ ማሰር አይበቃም፤ ጠምዝዞ አጥፎ ነው የሚታሰረው፤ ልክ የስልቻ አፍ እንደሚታሰረው። ሽሮ፣ ክብሪትና ስልክ ለየብቻቸው ይታሸጋሉ። በአንድ ከረጢት ሁሉን ያስቀመጠ ሰው በአንድ ቀዳዳ ሁሉን ያጣል።

ከባዱ ዕቃ ወደ መሐል፣ ወደ ታች። የውሃ ጀሪካኑ ከቀዛፊው ጀርባ ተጠግቶ፣ ድንኳኑና ብርድ ልብሱ ወደ ጫፎቹ። ከጫኑ በኋላ ጀልባውን ውሃ ላይ አንሳፍፎ አሥር እርምጃ ርቆ ከጎን ማየት ያስፈልጋል። አፍንጫው ቀና ብሎ ኋላው ከሰመጠ ነፋስ አፍንጫውን እየያዘ ያዞረዋል፤ አፍንጫው ከተደፋ ደግሞ እያንዳንዷን ሞገድ ይጠጣል። ልክ የሚሆነው ሰው ተቀምጦበት ሁለቱም ጫፍ እኩል ሲሆን ነው። እኛ ይህን ለማስተካከል ጀሪካኑን ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ስናደርግ ዳር ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ «አህያ እንኳ ይህን ያህል አያስቸግርም» ብሎናል። ልክ ነው፤ አህያ ጭነቷ ሲያዘነብል ቆማ ትነግራለች፤ ካያክ የሚነግረው ከተገለበጠ በኋላ ነው።

ቢልሃርዚያ

ብዙ ሰው የሚፈራው መስጠምን ነው። እኔ የምፈራው ዳሩን ነው። በአካባቢው ቢልሃርዚያ የሚባል፣ ትል የሚያመጣው በሽታ አለ። ትሉ የሚያድገው በጥልቁ ውሃ ሳይሆን ሣርና ቄጠማ በበዛበት፣ ረጋ ባለ ጥልቀት አልባ ዳርቻ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ በውሃው ይዋኝና የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ብዙ የሚወጣውም ፀሐይ ስትበረታ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። እዚህም ላይ ማለዳ መቅዘፍ ይክሳል።

ስለዚህ የምንወርድበትንና የምንወጣበትን ቦታ በጥንቃቄ እንመርጣለን፤ ድንጋያማ፣ ቄጠማ የሌለው፣ ነፋስ የሚያጥበው ዳርቻ። እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ አድርጎ መግባት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቦቲ እንዳደረጉ መቅዘፍ የለም፤ ቢገለበጥ በውሃ ተሞልቶ እግር ይይዛል። ተሳፍሮ ማውለቅ፣ ከኋላ ማሰር። እግር ከረጠበ ወዲያው በፎጣ አጥብቆ ማሸት ነው፤ በራሱ እስኪደርቅ መጠበቅ አይደለም። ለመታጠቢያ የሚሆን የሐይቅ ውሃ በጀሪካን ቀድቶ፣ ቀንድ አውጣ አለመግባቱን አይቶ፣ ከአንድ ቀን እስከ ሁለት ቀን ካቆዩት ትሉ አስተናጋጅ ሳያገኝ ይሞታል። ለመጠጥ ግን መፍላት አለበት፤ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ።

መቅዘፍና መገልበጥ

ስለ አቀዛዘፉ ረጅም ትምህርት አልሰጥም። ክንድ ብቻውን በአንድ ሰዓት ይደክማል፤ የሚቀዝፈው ወገብ ነው። ጀርባን ቀና፣ ጉልበትን ጥቂት አጠፍ፣ መቅዘፊያውን ከእግር ጣት አካባቢ ውሃ ውስጥ ከትቶ ደረትን በማዞር እስከ ዳሌ መሳብ፣ ከዚያ ማውጣት። ከዳሌ አልፎ መሳብ ጀልባውን ያዞረዋል እንጂ አያስኬደውም። ጭነት ያለው የሚነፋ ካያክ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ከሄደ ይበቃዋል፤ ዕቅዱን በዚያ ማስላት ነው።

መገልበጥን ግን ሳይለማመዱ መነሣት አይገባም። ቄጠማ ካለበት ዳርቻ ራቅ ብሎ፣ ጠዋት፣ ሰደርያ ለብሶ፣ ሁለተኛው ጀልባ አጠገብ ቆሞ፣ ዕቃ ሳይጫን። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሆቴል መዋኛ ካገኙ ደግሞ ከዚያ የተሻለ የለም። ወደቁ እንበል። መጀመሪያ ጀልባውን ይያዙ፤ ነፋስ ባዶ ካያክን ከዋናተኛ ፈጥኖ ይወስደዋልና። ቀጥሎ መቅዘፊያውን። ከተደፋ ከሥሩ ያለውን ገመድ ይዘው፣ ሆድዎን አስደግፈው ወደ ራስዎ ይገልብጡት። ለመውጣት በጎኑ በኩል እግርን ወደ ኋላ ዘርግቶ እንደ ዋናተኛ እየመቱ፣ ደረትን ወደ ጀልባው ማንሸራተት፤ ሆድ መሐሉ ላይ ሲደርስ ዞሮ መቀመጥ። ተንጠልጥሎ በክንድ ብቻ ለመውጣት የሞከረ ጀልባውን መልሶ በራሱ ላይ ይደፋዋል። ጓደኛው ከማዶ ጎን ጀልባውን በሁለት እጁ ጭኖ ቢይዝ ሥራው ግማሽ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ያለ ስህተት ካልወጡ ጉዞው ለሌላ ሳምንት ይቆይ።

አራቱ ቀን

አንደኛው ቀን የወረቀትና የሰላምታ ነው። ከመነሣት በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ እዚያው ከሚኖር ሰው በስልክ መጠየቅ፤ «ቆይ» ካለ መቆየት። ሐይቅ ከተማ ደርሶ መታወቂያ ይዞ ለቀበሌው ማንነትን፣ የት የት እንደሚታደርና መቼ እንደሚመለሱ መናገር ያስፈልጋል። እንግዳ ቀለም ያለው ጀልባ ይዘው ሳይናገሩ ውሃ ላይ የወጡ ሰዎች ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ በዳርቻው ሁሉ ይወራል፤ ወሬው ደግሞ ደግ አይሆንም። ከዚያ ዓሣ አስጋሪዎቹን ማግኘት። መረባቸው የት እንደተጣለ ይነግራሉ። ምልክቱ የሚንሳፈፍ የላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ሁልጊዜ ከጥልቁ ወገን እንለፍ። መቅዘፊያ ከተጠላለፈ መረቡን መቁረጥ ነውር ነው፤ ቀስ ብሎ ማላቀቅ። ከሰዓት በኋላ ጭነቱን መፈተሽ፣ እዚያው መነሻው አጠገብ ማደር።

ሁለተኛው ቀን ደቡባዊውን ዳርቻ ይዞ ወደ ምሥራቅ ነው። ከዳር ከ200 ሜትር በላይ አንርቅ። መሐሉን ቆርጦ መሄድ መንገድ ያሳጥራል፤ ግን ያየነውን አይተናል። በላይ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው ወንዝ የሚገባበት አካባቢ ደለልና ቄጠማ ስለሆነ ለወፍ እንጂ ለሰው ማረፊያ አይሆንም። ይብራዎችና ሳቢሳዎች እዚያ ናቸው፤ ከሩቅ ማየት፤ አልፎ ድንጋያማ ቦታ መፈለግ።

ማረፊያ ሲገኝ ድንኳን ከመትከል በፊት የመሬቱን ባለቤት ማግኘት ነው። «የማንም አይደለም» የሚባል መሬት እዚያ የለም፤ ባዶ የመሰለው ሁሉ ወይ የግጦሽ ነው ወይ የአንድ ሰው እርሻ ዳር ነው። ወደ ቤቱ አጥር ጠጋ ብሎ፣ ሳይገቡ፣ ድምፅ አሰምቶ መቆም። እኛ እንደ ቤቱ ሁኔታ «አሰላሙ አለይኩም» ወይም «እንደምን ዋላችሁ» ብለን፣ «የመሸብን እንግዶች ነን፤ እዚህ ዳር ላይ ድንኳን ጥለን ብናድር ትፈቅዱልናላችሁ?» እንላለን። በዚያ ምሽት የወጡልን እናት ከላይ እስከ ታች አዩንና «በጨርቅ ቤት? ቤት እያለ?» አሉን። ማብራራቱ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ድንኳኑን ፈቀዱ፤ ቡናውን ግን ቤታቸው እንድንጠጣ ፈረዱብን። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል ድረስ ተቀመጥን፤ በየመሐሉ ምርቃት አለ፤ አሜን ማለት ነው። ለመሄድ የቸኮለ ሰው በረካውን ትቶ ይነሣል፤ በማግስቱ ጀልባውን ማን እንደሚጠብቅለት ግን አላውቅም።

ለድንኳን ከውሃው አፍ ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ያለ፣ ከፍ ያለ ቦታ ይመረጣል፤ ከቄጠማው መራቅ ትንኝ ይቀንሳል። ደረቅ የጎርፍ መውረጃ ውስጥ፣ ወይም ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር አይተከልም፤ ባሕር ዛፍ ነፋስ በሌለበትም ቅርንጫፉን ይጥላል። ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር፤ ጅብና ውሻ ይጠሩበታል፤ አሽጎ ዛፍ ላይ መስቀል ወይም ባለቤቶቹ ዘንድ ማስቀመጥ። ማገዶ ከአጥር አይነቀልም፤ ይገዛል። ለመጸዳጃ ከውሃውና ከምንጭ ቢያንስ መቶ እርምጃ ርቆ አንድ ስንዝር ያህል መቆፈርና መልሶ መሸፈን። ቆሻሻ ሁሉ በመጣበት ከረጢት ይመለሳል።

ሦስተኛው ቀን እግር ነው። ካያኩን ለባለቤቶቹ አደራ ሰጥቶ በማለዳ ወደ አርዲቦ መውጣት። አርዲቦ ከሎጎ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ታናሽ እህቱ ነው፤ ውሃው ሲሞላ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ከሠፈሩ አንድ መንገድ የሚያውቅ ልጅ ይዞ፣ የቀን ሥራ ዋጋ አስቀድሞ ተስማምቶ ነው የሚሄዱት። በሁለቱ መካከል ካለው ከፍታ ላይ ቆሞ ሁለቱን ለማየት መድከም የሚገባው ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ ሎጎ ላይ የቀዘፉበትን መንገድ በጣት መከተል ይቻላል፤ ነፋሱ ከየትኛው የተራራ አንገት እንደሚወርድም ከዚያ ሆኖ ይገባል። ማታ ወደ ድንኳን መመለስ።

አራተኛው ቀን በሰሜን በኩል ዞሮ ወደ መነሻ ነው፤ ረጅሙ ቀዘፋ ይኸው ስለሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ማሸግ ያስፈልጋል። መጨረሻው እስጢፋኖስ ነው። ገዳሙ ያለበት ቦታ ጥንት ደሴት ነበር፤ ውሃው እየሸሸ ዛሬ በአንድ ወገን ከመሬት ጋር ተያይዟል። በአካባቢው የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች። እግዚአብሔር ተቆጥቶ ዙሪያውን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱ ከነዘመዶቿ ጠፋች፤ ሴትዮዋ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደሴት ሆና ቀረች። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ እዚያ ገዳሙን አቀኑት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩትም በዚያ ነው። የገዳሙ አበምኔቶች «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበራቸው።

ጀልባ በገዳሙ ዳርቻ በፈለጉበት ቦታ አይጠጋም። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም፤ ነፍሰ ጡር ሴትን ለማዳን ተፈጠረ በተባለ መሬት ላይ ይህ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ሥርዓቱ ግን ሥርዓት ነው። ከሴት ጋር የተጓዘ ቡድን አስቀድሞ ተነጋግሮ ከሁለት ይከፈል እንጂ በር ላይ ደርሶ አይጨቃጨቅ። የቁምጣ ሱሪ አይሆንም፤ አንድ ነጠላ በደረቅ ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ። እዚያ ድንኳን መትከል አይጠየቅም፤ ማደር የፈለገ አባቶችን ይጠይቅ።

ከተመለሱ በኋላ

ካያኩን በዚያው ቀን በንጹሕ ውሃ አጥቦ ጥላ ላይ ማስጣት ነው። እርጥብ ሆኖ የተጠቀለለ ጀልባ በሳምንቱ ሲፈታ የጓዳውን ሰው ሁሉ ያስወጣል። ደለል ከስፌቱ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ ይወጣል። የላላ ልጣፊ ካለ አሁኑኑ መጠገን፤ ለቀጣዩ ጉዞ የተቀጠረ ጥገና ዳር ላይ፣ በጨለማ፣ በእጅ ባትሪ ነው የሚፈጸመው።

ሰውነትንም መመርመር ያስፈልጋል። ዳር ላይ ከወረዱ በኋላ በቀናት ውስጥ ቆዳን ማሳከክ፣ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳትና ድካም ከመጣ ለሐኪም ሐይቅ ላይ እንደነበሩ መናገር፤ ትኩሳት ከሆነ ወባንም ማስመርመር። ምንም ባይሰማም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ጤና ጣቢያ ሄዶ የቢልሃርዚያ ምርመራ ማድረግ ነው። ከዚያ ቀድሞ መሄድ አይጠቅምም፤ ትሉ ገና እንቁላል ስላልጣለ በሰገራ ምርመራ አይታይም። ከተገኘ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ በሐኪም ትእዛዝ፣ በክብደት ተለክቶ ይዋጣል። እኛ ቀኑን ከጉዞው በፊት በቀን መቁጠሪያ ላይ እናከብበዋለን፤ ሦስታችንም አንድ ላይ እንሄዳለን።